የእንግሊዝኛ ቃል በሥሩ መማር ያዋጣል ወይስ ሌላ ሽምደዳ ነው?

ደብተሬ_ሞላ፦

ሰላም ናችሁ። እኔ እዚህ የምገባው ለማንበብ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ግራ ገብቶኝ ልጽፍ ተነሳሁ።

ከስምንት ወር በኋላ የእንግሊዝኛ ፈተና አለብኝ። በሰዋስው ብዙም አልታማም። የሚያስቸግረኝ ቃላት ነው። ዘዴዬን ልንገራችሁ። የደብተሩን ገጽ መሃል ለመሃል አሰምርና በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን እጽፋለሁ። በቀን 20 ቃል። እንዲህ እያልኩ ሁለት ደብተር ሞልቻለሁ። ከወር በኋላ ተመልሼ ሳየው ግን ግማሹ እንግዳ ነው። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው፤ ከቃሉ ጋር የት እንደተዋወቅን ግን አላስታውስም።

ሰሞኑን የደረሰብኝን ደግሞ ስሙ። በስልክ የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበረኝ። ሴትዮዋ ለማሟሟቅ ያህል ስለ ቤተሰቤ ጠየቀችኝ። ታላቅ እህቴ የሕፃናት ሐኪም ናት። እኔም ኮራ ብዬ «እህቴ ፔደስትሪያን ናት» አልኳት። እግረኛ ናት ማለቴ ነው። ትንሽ ዝም አለችና «ጥሩ ነው፣ ለጤናም ይጠቅማል» ብላ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈች። የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ልል የፈለግኩት «ፒዲያትሪሽያን» ነበር። ለእህቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

ይህን የሰማ ጓደኛዬ «ቃል መሸምደድ ተው፣ ሥሩን ያዝ» ብሎ 300 የላቲንና የግሪክ ሥሮች ያሉበት ዝርዝር ላከልኝ። ከፍቼ አየሁት። ያው በግራ ሥሩ፣ በቀኝ ትርጉሙ! ሦስተኛ ደብተር ልገዛ ነው ማለት ነው። ደግሞ እዚያ ላይ «ፔድ» ማለት እግር ነው ይላል። እሺ፣ እግረኛው ገባኝ። ሐኪሟ ውስጥ ያለው «ፔድ» ምን ሊሠራ ገባ? እህቴ የእግር ሐኪም ናት?

በዚህ መንገድ ተምሮ የተሳካለት ካለ እስቲ ይንገረኝ። ካልሆነም በጊዜ ልተወው።


ካርድ_በኪስ፦

ወንድሜ፣ ያለህ ስምንት ወር ነው። ላቲን ልትማር ነው ወይስ ፈተና ልታልፍ? አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር አለ። 570 የቃል ቤተሰቦች ናቸው። ከሱ ጀምር። አንኪ የሚባለውን መተግበሪያ ጫን። ቃሉን ልትረሳው ስትል መልሶ ያመጣልሃል፤ በስንት ቀን መደገም እንዳለበት ሒሳቡን ራሱ ይሠራል። ሥር ምናምን ከፈተናው በኋላ ይደርሳል።


ቆፋሪው፦

የእህትህን ነገር ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ግን ስህተትህ የሞኝ ስህተት አይደለም።

ሁለት «ፔድ» አለ። አንዱ የላቲን ነው፤ እግር ማለት ነው። እግረኛው «ፔደስትሪያን» እና የብስክሌቱ «ፔዳል» ከሱ የወጡ ናቸው። ሌላው የግሪክ ነው፤ ልጅ ማለት ነው። የእህትህ ሙያ ከዚህኛው ነው። የማስተማር ጥበብ ማለት የሆነው «ፔዳጎጂ»ም ከዚሁ ነው። በጥንት ግሪክ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ባሪያ «ፓይዳጎጎስ» ይባል ነበር፤ ልጅ መሪ እንደማለት። እንግሊዞች የሐኪሟን ስም ሲጽፉ ከ«ፒ» በኋላ «ኤ» እና «ኢ» ያስከትላሉ። አሜሪካኖች «ኤ»ዋን ጣሏት። ያኔ ሁለቱ «ፔድ» መልካቸው አንድ ሆነና አንተን አሳሳቱህ።

እኔ 19 ዓመት በትርጉም ሥራ ኖሬአለሁ። ቃል ስቆፍር ነው የምውለው፣ ስሜም ከዚያ የመጣ ነው። ጓደኛህ ያለህ ልክ ነው። የላከልህን ዝርዝር ግን ዝጋው።

ምክንያቱም ሥር ማለት ለአንተ አዲስ ነገር አይደለም። ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት። ይህን በዝርዝር ያስጠናህ አለ? የለም። ቃሎቹን ገና በልጅነትህ ሰማሃቸው፣ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው ኋላ ገባህ። እንግሊዝኛውም የሚሠራው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ቃሎቹ ይመጣሉ። ሥሩ የሚጠቅመው የሚያስረው ነገር ሲያገኝ ነው። ያላየኸውን ቃል ሥር መሸምደድ በግ ሳይኖርህ ገመድ መግዛት ነው።

አንዱን ቤተሰብ ላሳይህ። «ስፔክት» የሚል ነገር ውስጣቸው ያለ ቃላት ደብተርህ ውስጥ አይጠፉም። ሥሩ የላቲን ነው፤ ማየት ማለት ነው።

«ኢንስፔክት» ወደ ውስጥ ማየት ነው፤ መመርመር። ይሄ ቀላል ነው። «ሰስፔክት» ከሥር ማየት ነው። መጠርጠር ነው ትርጉሙ። እኛ በጎሪጥ አየው የምንለው አይደል? ጭንቅላት ሳይነሳ ዓይን ብቻ ከሥር ሲወረወር። «ሪስፔክት» መለስ ብሎ ማየት ነው። ዝም ብለህ የማታልፈውን ሰው ዞር ብለህ ታየዋለህ፤ አከበርከው ማለት ነው። እኔን ግን ልቤን የወሰደው «ኤክስፔክት» ነው። ወደ ውጭ ማየት። ለዓመታት «መጠበቅ» ብዬ ጽፌው ስረሳው ኖሬ አንድ ቀን ሥሩን አየሁና «ደጅ ደጁን ማየት!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ስንጠብቅ የምንለው ይህንኑ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ረስቼው አላውቅም። መነጽር ደግሞ በእንግሊዝኛ «ስፔክታክልስ» ነው፤ ያው ከማየት የወጣ። የኛም መነጽር «ነጸረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው፤ አየ፣ ተመለከተ ማለት ነው። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች አንድን ዕቃ በአንድ ሐሳብ ሰይመውታል።

ትርጉሙን ወደ አማርኛ ስትገለብጥ አንድ ቃል ፈልገህ አትቁም ለማለት ነው። ሥሩ የሚያሳይህን ድርጊት እኛ በምን እንደምንገልጸው ጠይቅ። በጎሪጥ፣ ደጅ ደጁን። ደብተርህ ቀኝ በኩል የጎደለው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ሥር እንዴት ጉድ እንደሠራኝ ልንገርህ፤ አንተ የእህትህን ተናግረህ እኔ ዝም ብል ነውር ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። የአንድ ፈሳሽ ዕቃ ማስጠንቀቂያ እተረጉማለሁ። «ኢንፍላመብል» ይላል። ያን ጊዜ ቅድመ ቅጥያ ማወቄ ራሱ አስክሮኛል። «ኢን» ማለት አፍራሽ ነው፤ «ፍላም» ነበልባል ነው። ስለዚህ «የማይቀጣጠል» ብዬ ጻፍኩ። መዝገበ ቃላት እንኳ አልገለጥኩም። ደግነቱ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አየችው። ምንም አልተናገረችም። ቃሉን በቀይ አክብባ አጠገቡ «ክብሪት ይዤ ልሞክረው?» ብላ ጻፈችበት።

ለካ «ኢን»ም ሁለት ነው። አንዱ አፍራሽ ነው፣ ሌላው «ወደ ውስጥ» የሚለው። እዚህ ያለው ሁለተኛው ነው፤ እሳት የሚገባበት፣ የሚያያዝ። «ፍላመብል» እና «ኢንፍላመብል» ትርጉማቸው አንድ ነው። ሰው እንደኔ እንዳይሳሳት ሲባል ነው ዛሬ ዕቃ ላይ አጭሩን መጻፍ የሚመረጠው። «ኢንቫሉወብል»ም እንዲሁ ያምታታል። እሱ ላይ «ኢን» በርግጥ አፍራሽ ነው፤ የሚያፈርሰው ግን ዋጋውን ሳይሆን መተመኑን ነው። ዋጋ ቢስ ሳይሆን ዋጋ የማይተመንለት።

ስለዚህ ሥሩን ለመገመቻ አትጠቀምበት። ለማስታወሻ ተጠቀምበት። ትርጉሙን ከመዝገበ ቃላት ያዝ፣ ከዚያ ሥሩ ለምን እንዲያ እንደሆነ ይንገርህ። ቃሉ ከትውልድ ቦታው ርቆ ሄዶ ሊሆን ይችላል። «ማኑፋክቸር» በላቲኑ በእጅ መሥራት ነው። ዛሬ ማሽን ነው የሚሠራው። «ናይስ» የመጣው አላዋቂ ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ ድሮ በእንግሊዝኛም ጅል ማለት ነበር። አሁን ሰው «ናይስ ነህ» ቢልህ አትጣላው።

ደብተሬ ምን ይመስላል ካልክ፦ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ሙሉ ገጽ። ሥሩን መሃል ላይ እጽፋለሁ፣ ዙሪያውን ያገኘኋቸውን ቃላት ብቻ፣ ካገኘሁበት ዓረፍተ ነገር ጋር። ያላጋጠመኝን ቃል ከመዝገበ ቃላት ገልብጬ አልሞላም። «ጀክት» የሚለውን ገጼን አሁን ከፍቼዋለሁ። መወርወር ማለት ነው። «ሪጀክት» አለ፤ መልሶ መወርወር። «ኢንጀክት» አለ፤ ወደ ውስጥ። «ኦብጀክት» አለ፤ ፊት ለፊት መወርወር፣ መቃወም። «ሰብጀክት»ን ግን የትምህርት ዓይነት እያልኩ የት ላስጠጋው አቅቶኝ ለሁለት ዓመት በእርሳስ ጥያቄ ምልክት አድርጌበት ነበር። አንድ ቀን ስለ አንድ ንጉሥ ሳነብ «ሰብጀክቶቹ» ይላል። ተገዢዎቹ! ከሥር የተጣሉት። ጥያቄ ምልክቱን ሰርዤ ቀኑን ጻፍኩበት። እንዲህ ያለ ገጽ 60 ያህል አለኝ። በ19 ዓመት 60 ብቻ። 300 የላከልህ ጓደኛህ ይህን ይስማ።


ጥርጥሬ፦

ቆፋሪው በሚገባ አስረድቷል። እኔ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የቃል ታሪክ የሚባለው ነገር ኢንተርኔት ላይ በተረት ተሞልቷል። ጣፋጭ ሲሆን ጠርጥሩት።

«ሲንሲር» የሚለውን ውሰዱ፤ ቅን፣ እውነተኛ ማለት ነው። «ሰም የሌለበት ማለት ነው፤ ቀጣፊ ሐውልት ሠሪዎች ስንጥቁን በሰም ይደፍኑ ስለነበር» የሚል ታሪክ ይዞራል። ያምራል። ግን ተረት ነው። ቃሉ የመጣው ንጹሕ፣ ያልተቀላቀለ ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ አለቀ። «ሂስትሪ»ንም «የሱ ታሪክ» ብለው በእንግሊዝኛ የሚበትኑት አሉ። የግሪክ ቃል ነው፤ ጠይቆ መመርመር ማለት ነው። ግሪኮች ደግሞ እንግሊዝኛ አይችሉም ነበር።

ለማጣራት የዳግላስ ሃርፐርን ኢቲምኦንላይን ተጠቀሙ። በነፃ ነው። ጠለቅ ማለት የሚፈልግ የኦክስፎርዱን ትልቁን መዝገበ ቃላት ይይ። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1884 ታትሞ ሥራው ያለቀው በ1928 ነው። 44 ዓመት የለፉበትን ነገር በአንድ ፎቶ ላይ ከተጻፈ ታሪክ ጋር አታወዳድሩት።


ደብተሬ_ሞላ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ቆፋሪው፣ ዕድሜዎን ባላውቅም 19 ዓመት ካሉ ጋሼ ልበልዎ። «የማይቀጣጠል» የሚለውን ሳነብ የኔ ቀለል አለኝ። ቢያንስ እህቴ አትፈነዳም።

ትናንት ማታ ሁለቱን ደብተሮች ይዤ ተቀመጥኩ። «ስፔክት» ያለበትን ብቻ ላውጣ ብዬ ነው። ሰባት ቃል አገኘሁ! በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ገጽ፣ አንዱ ካንዱ ሳይተዋወቅ ተበትነው። «ፕሮስፔክት» ሁለት ቦታ ተጽፎ ነበር፤ በሁለት የተለያየ ትርጉም። ራሴን አፈርኩበት።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። «ጌት»፣ «ፑት»፣ «ቴክ» የሚባሉትስ? ፈተና ላይ የሚጥሉኝ ረጃጅሞቹ ብቻ አይደሉም። «ጌት ኦቨር»፣ «ጌት ባይ»፣ «ጌት አዌይ ዊዝ»... እነዚህም ሥር አላቸው?


ቆፋሪው፦

ጋሼ መባሉን ተቀብያለሁ፤ ፀጉሬም ይስማማል።

ለነሱ ሥር አትቆፍር። ሥር አላቸው፣ ግን አይረዳህም። እንግሊዝኛ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሦስት ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ነው። ትንንሾቹ፣ የዕለት ተዕለቶቹ ቃላት ከጥንቱ የጀርመን ወገን የወረሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙና የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ለረጅም ጊዜ ፈረንሳይኛ ሆነ። ምሁራኑ ደግሞ በላዩ ላይ ላቲን ጨመሩበት። ለዚህ ነው ለአንድ ነገር ሦስት ቃል የምታገኘው። ጓደኛህን «አስክ» ታደርጋለህ፤ ይሄ የአገሬው ነው። «ክዌስችን» ስትል ጠንከር አለ፤ በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ነው። ፖሊስ ሲይዝህ «ኢንተሮጌት» ያደርግሃል፤ እሱ ላቲን ነው። እኛም ከበድ ማለት ስንፈልግ ወደ ግዕዝ እንሄድ የለ?

የላቲኖቹን በሥር ያዛቸው። «ጌት» እና ወንድሞቹን ግን በዓረፍተ ነገር። ይህ ላይ ከካርድ በኪስ ጋር ነኝ፤ ካርድ ሥራባቸው፣ ካርዱ ላይ ግን ቃሉን ብቻ ሳይሆን ያየህበትን ዓረፍተ ነገር ጻፍ።

ሳልረሳው፦ ሥር ለአጻጻፍም ይጠቅማል። «ሳይን» ውስጥ የማትነበበው «ጂ» ምን ትሠራለች ካልክ «ሲግኔቸር»ን ተመልከት፤ እዚያ ትነበባለች። ዕዳ ማለት የሆነው «ዴት» ውስጥ ያለችው «ቢ» ግን ሌላ ጉድ ናት። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ሲገባ «ቢ» አልነበረውም። ላቲን የሚያውቁ ሰዎች የጥንቱን መልክ ይምሰል ብለው ሰኳት። አፍ ግን እሺ አላለም። «አይላንድ» ውስጥ «ኤስ» ሲጨምሩ ደግሞ ጭራሽ ተሳሳቱ፤ ቃሉ የጀርመን ወገን ሆኖ ሳለ የላቲን ዘመድ መስሏቸው ነው። አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው የሰው ስህተት ነው ተማሪ የሚሸመድደው።


ፊደል_ቆጣሪ፦

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፣ ይቅርታ። ለኛ ብቻ የተተወ ደስታ አለና። «አልፋቤት» የሚለው ቃል «አልፋ» እና «ቤታ» ነው። ግሪኮች ፊደላቸውን ከፊንቄዎች ሲወስዱ ስሙንም አብረው ወሰዱ። «ቤታ» ምን ማለት እንደሆነ ግሪኩ አያውቅም። እኛ እናውቃለን፤ ቤት ነው! የፊንቄዎቹ ቤት፣ የግዕዙ ቤት፣ አሁን የተቀመጥኩበት ቤት። «ካሜል»ም በግሪክና በላቲን ዞሮ የገባ የሴም ቃል ነው፤ ግመላችን ነው። «አልኮል» ደግሞ ከዓረብኛው «አል ኩህል» ነው። ኩል፣ የዓይን ኩል! መጀመሪያ የደቀቀ ዱቄት ማለት ነበር፣ ከዚያ ተጣርቶ የወጣ ነገር ሁሉ፣ በመጨረሻ የወይኑ ፍሬ ነገር። እነዚህን ሦስቱን ለመሸምደድ ሰከንድ አልፈጀብኝም።


ካርድ_በኪስ፦

እሺ፣ ኩሉ አሸነፈኝ። የ«ስፔክት»ን ቤተሰብ ካርዶቼ ላይ ልጨምር ነው። ግን አሁንም እላለሁ፣ በየቀኑ ካልደገምከው ደጅ ደጁን ስታይ ነው የምትቀረው።


ደብተሬ_ሞላ፦

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ለወሬ ተመለስኩ። አዲስ ደብተር ጀምሬአለሁ። 11 ገጽ ሞልቷል። ድሮ በቀን 20 ቃል የጻፍኩ ሰውዬ አሁን በሁለት ቀን አንድ ገጽ ካወጣሁ ጎበዝ ነኝ። ጠዋት ጠዋት የካርድ በኪስን ምክር ይዤ «ጌቶቹን» እደግማለሁ። ለእህቴም ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ስትደውልልኝ «እግረኛዋ ነኝ» እያለች ነው።

አሁን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ፊልም ላይ ወታደሩ አለቃውን «ከርነል» ይለዋል። የትርጉም ጽሑፉ ላይ የተጻፈው ግን በ«ኤል» ነው፤ ኮሎኔል። «አር» የሚባል ፊደል በቦታው የለም። እንደ «ዴት» ሰዎች የሰኩት ነገር ነው እንዳልል የተሰካው ድምፁ ነው። ጋሼ?


ቆፋሪው፦

ምንጩ ጣልያንኛ ነው፤ «ኮሎኔሎ»። «ኮሎና» ከሚለው፣ በሰልፍ የተደረደረ ጦር፤ የሰልፉ መሪ እንደማለት። ፈረንሳዮች ሁለት «ል» ተከታትሎ ምላሳቸውን አስቸገራቸውና የፊተኛውን «ር» አድርገው «ኮሮኔል» አሉት። እንግሊዞች መጀመሪያ የተቀበሉት ይህን ነው። ኋላ አጻጻፉን ወደ ጣልያኑ መለሱት፤ ድምፁ ግን በፈረንሳዩ ቀረ። እኛ «ኮሎኔል» ስንል በ«ል» ነውና ከነሱ ይልቅ ለምንጩ የቀረብን እኛ ነን። «ኮለም» የሚል ገጽ አለህ? የጋዜጣው ዓምድ? እዚያ አስገባው፤ ሥራቸው አንድ ነው።


ደብተሬ_ሞላ፦

አለኝ! ገጽ 8። ብቻውን ነበር።